ጅማ ላይ የምርምር ጆርናል ማሳተም፦ ከፈቃዱ ይልቅ ውሉ ያስቸግራል

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ቤት አለኝ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣ የምርምር ጆርናልና የማስተማሪያ መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት ልንከፍት ነው። አንዱ ጓደኛችን የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ አርታኢውም እሱ ይሆናል። ባለኝ የንግድ ፈቃድ መሥራት እንችላለን? ጽሑፉ ከወጣ በኋላ የማን ነው? ከጸሐፊዎች ገንዘብ ብንቀበልስ ያስጠይቀናል?

መልስ፦ በጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ አይሆንም። ማተምና ማሳተም ሁለት ሥራ ነው። አታሚ የመጣለትን አትሞ ያስረክባል። አሳታሚ ግን ጽሑፉን መርጦ፣ አስገምግሞ፣ በራሱ ስም ለሕዝብ ያወጣል፤ ለይዘቱም ይጠየቃል። ስለዚህ በማሳተም ዘርፍ ሌላ ፈቃድ አውጡ። ያለ ፈቃድ መነገድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 በወንጀል ያስጠይቃል፤ «ሱቁማ ፈቃድ አለው» ማለት አያድናችሁም።

ሦስት ስለሆናችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። በ2013ቱ የንግድ ሕግ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። ዋናው ጥቅሙ ድርጅቱ ዕዳ ውስጥ ቢገባ የግል ቤታችሁ አብሮ አለመሄዱ ነው። ጓደኛሞች ነን ብላችሁ በቃል እንዳትጀምሩ አደራ። ኮምፒውተሩና የጥረዛ ማሽኑ ከሱቁ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ዋጋቸው ተገምቶ በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የዓይነት መዋጮ ተብሎ ይስፈር፤ አለዚያ በኋላ «ማሽኑ የኔ ነው» የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል።

ጆርናሉ በየጊዜው የሚወጣ ኅትመት ስለሆነ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም ይመለከታችኋል። ከመጀመሪያው እትም በፊት ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ደብዳቤ አስገቡና የምዝገባውን ነገር ጨርሱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀብላችሁ ፋይል አድርጉት።

በየጊዜው ለሚወጣ ኅትመት የሚሰጠው አይኤስኤስኤን የሚባለው ባለ 8 አሃዝ ቁጥር መለያ ብቻ ነው። የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ስማችሁንም አያስጠብቅም። ለወረቀቱና ለኢንተርኔቱ እትም ደግሞ የተለያየ ቁጥር ነው የሚወጣው። የጆርናሉን ስም ሌላ ሰው እንዳይወስድባችሁ ከፈለጋችሁ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ የንግድ ምልክት አድርጋችሁ አስመዝግቡ። የንግድ ስም መመዝገብና የንግድ ምልክት መመዝገብ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ጽሑፉ የማን ነው?

የጸሐፊው ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የሚጀምረው ሥራው ተፈጥሮ ግዙፍነት ካገኘበት፣ ለምሳሌ በወረቀት ከሰፈረበት፣ ጊዜ አንስቶ ነው፤ ምዝገባ አይጠብቅም። የኢኮኖሚ መብቱ ጸሐፊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። እናንተ መብት የሚኖራችሁ ጸሐፊው በጽሑፍ ባስተላለፈላችሁ ወይም በፈቀደላችሁ ልክ ብቻ ነው። በኢሜይል «ተቀብለነዋል» ብሎ መላክ መብት አያስተላልፍም።

አንድ ጊዜ ቢሮዬ የመጣ መምህር ትዝ ይለኛል። መጽሐፉን ለአንድ አሳታሚ የሰጠው በቃል ነበር፤ 500 ቅጂ ተባብለው። ቆይቶ ገበያ ላይ ያገኘው ሁለተኛ እትም ነው። ሕጉ ከሱ ጋር ነበር። ግን ስንት እንደታተመ፣ ስንት እንደተሸጠ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አልነበረውም። አሳታሚውም ፈቃድ ማግኘቱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ሁለቱም ተጎዱ፣ ጓደኝነታቸውም እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ለመጽሐፍ የቅጂውን ብዛት፣ የእትሙን ቁጥር፣ የሮያሊቲውን፣ ማለትም ከሽያጩ ለጸሐፊው የሚከፈለውን፣ መቶኛና ሒሳብ የምታሳዩበትን ቀን ጻፉ። ለጆርናል ጽሑፍ ደግሞ ሁሉም ጸሐፊዎች ይፈርሙ። አራት ሰው የጻፈውን አንዱ ብቻ ፈርሞ ሲልክ አያለሁ፤ ሌሎቹ በጽሑፍ ካልወከሉት በቀር በነሱ ድርሻ ማንም ሊፈርምላቸው አይችልም። ስዕልና ሠንጠረዥ ከሌላ ቦታ ከተወሰደም የባለቤቱ ፈቃድ ይያያዝ።

እኔን ብትጠይቁኝ መብቱን ጠቅልላችሁ አትውሰዱ። ጸሐፊው ባለቤት ሆኖ ይቀጥል፤ እናንተ መጀመሪያ የማውጣት ፈቃድ ይኑራችሁ፣ ማንም በነፃ እንዲያነበው ክፍት አድርጉት። ፍትሐዊ ከመሆኑም ሌላ የሕግ ምክንያትም አለው። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር በአገር አቀፍ ዲጂታል ማከማቻ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያዝ ፖሊሲ ከ2012 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አለ። «ከኛ ሌላ የትም አይቀመጥ» የሚል ውል ብታስፈርሙ ጸሐፊውን ከገዛ ተቋሙ ጋር ታጋጩታላችሁ።

ገንዘብ መቀበል ይቻላል። የሚያስጠይቀው አቀባበሉ ነው። ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ ይውጣ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ክፍያው ግምገማው ካለቀ በኋላ ይሁን። «ከከፈልክ በሳምንት ይወጣል» ካላችሁ የሸጣችሁት ተቀባይነትን ነው። ደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ ወጣት መምህር ከደመወዙ ቆጥቦ ከፍሎ፣ ጽሑፉ በኋላ ዋጋ የለውም ሲባል ማየት ያማል። ደጋግሜ አይቻለሁ። የሌላችሁን ደረጃ ማስተዋወቅም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ አሳሳች ማስታወቂያ ነው። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን፣ የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ የሚያወጣው ክላሪቬት የተባለው ኩባንያ ነው፤ በኢሜይል «ቁጥር እንሽጥላችሁ» የሚሏችሁን አትመልሱላቸው። ዶአጅ የተባለው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ለመመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መስፈርቱን ገና ስትጀምሩ እንደ መመሪያ ያዙት። ለድረ ገጹም ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ነው፤ ገንዘባችሁን ለአርትዖት አቆዩት።

መምህሩ ጓደኛችሁ ባለድርሻም አርታኢም መሆኑ ግን ያሳስበኛል። አርታኢው ብዙ ጽሑፍ ባሳለፈ ቁጥር ኪሱ የሚሞላ ከሆነ ማን ያምነዋል? ወይ ባለድርሻ ይሁንና አርታኢነቱን ለሌላ ሰው ይስጥ፣ ወይ አርታኢ ሆኖ ድርሻውን ይተው። በዚያ ላይ ከሥራው ውጭ ለመሥራት ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀውን ፈቃድ በጽሑፍ ያምጣ። ይህን ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ከወሰናችሁ በኋላ መመሥረቻ ጽሑፉን ፈርሙ፣ ከዚያ በፊት አይሁን።