በጣና ላይ የታየው ብርሃን ከመልአክ ነው ወይስ ከሰይጣን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ ጣና ላይ መረብ ጥሎ፣ ቀረሶና አምባዛ አውጥቶ ነው የሚያስተዳድረን። ከጥቂት ወራት በፊት ከታናሽ ወንድሙና ከአንድ ጓደኛቸው ጋር ሌሊት ሐይቁ ላይ ሳሉ፣ በክብራን ገብርኤል ደሴት አቅጣጫ ድምፅ የሌለው ነጭ ብርሃን ከውኃው በላይ ቆሞ አዩ። ቆየት ብሎ ወደ ዘጌ በኩል ሄዶ ተሰወረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ እንቅልፍ የለውም፤ ሐይቁን ፈርቶ መረቡን ሰቅሏል። ወንድሙ «መልእክት ተሰጥቶኛል» እያለ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ይቀመጣል፤ ማስቀደስም ትቷል። ጓደኛቸው ምንም አልሆነም። ጎረቤቱ አንዱ መልአክ ነው፣ ሌላው ሰይጣን ነው ይላል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጣ በራሪ አካል ነው ይላሉ። ክታብ አስጽፊለት ያሉኝም አሉ። ምኑን ልመን? ጸበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ቤት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመሽ ባለቤትሽን እመኚው። ሦስት ሰዎች አንድ ብርሃን አይተዋል፤ ውሸታም ወይም እብድ የሚላቸው ሰው በደል ይፈጽማል። ያዩት ነገር ምንነት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱን መመርመርም ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው «መንፈስን ሁሉ አትመኑ፥ ነገር ግን መናፍስት ከእግዚአብሔር ሆነው እንደ ሆነ መርምሩ» ብሎናል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)።

ምርመራ ከቅርብ ይጀምራል። ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከተማ ናት፤ የማረፊያ መብራቱን አብርቶ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን ከሩቅ ሲያዩት ለደቂቃዎች የቆመ ይመስላል፤ ድምፁም ላይሰማ ይችላል። ቬኑስም አድማሱ አጠገብ ስትሆን እጅግ ደምቃ ብዙ ሰው አሳስታለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች በመጠቁ ሰሞን እንደ መቁጠሪያ ተሰድረው ሲያልፉ በየአገሩ ሕዝብ ደንግጧል። የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ እ.ኤ.አ. 1969 ድረስ 12,618 እንዲህ ያሉ ጥቆማዎችን መዝግቦ ነበር፤ አብዛኞቹ ሲፈቱ 701ዱ ሳይታወቁ ቀሩ። ናሳ ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድንም በ2023 ባወጣው ዘገባ እነዚህ ነገሮች ከሌላ ዓለም ለመምጣታቸው ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ያልታወቀ ነገር አለ፤ ነገር ግን ያላወቅነውን ሁሉ ለመልአክ ወይም ለሰይጣን የመስጠት ግዴታ የለብንም።

ወጣቶቹ ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። በጸሎተ ሃይማኖት እግዚአብሔርን «የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ» እንላለን። ሌላ ፍጥረት ቢኖር እንኳ ፍጡር ነው፤ አይመለክም፣ አዳኝም አይሆንም። የሕዝቅኤልን ራእይ የጠፈር መንኮራኩር ነው እያሉ የሚተረጉሙት ግን ያሳዝኑኛል። ኅዳር 8 ቀን የአርባዕቱ እንስሳን በዓል በማኅሌት የምናከብር ሰዎች፣ የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙትን ኪሩቤልን ወደ ብረትና ሞተር ማውረድ አይገባንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል ውስጥ፣ አባ እንጦንስ መነኮሳቱን ስለ ራእይ ሲያስተምር፣ የታየው ነገር ምን መልክ እንዳለው ከመጠየቅ ይልቅ በሰውየው ላይ የተወውን ነገር እንዲመለከቱ ያዝዛቸዋል። የቅዱሳን መገለጥ በጸጥታ ይመጣል፤ ሰውየው ቢፈራ እንኳ፣ ገብርኤል ለዘካርያስ እንዳደረገው፣ ፍርሃቱን ያርቁለታል፤ ደስታና ብርታት ይተዉለታል። የክፉዎቹ መገለጥ ሁከት፣ ሐዘን፣ የሐሳብ መበታተንና ለበጎ ሥራ መታከትን ትቶ ይሄዳል።

ይህን ሰምተሽ «እንግዲያውስ ባለቤቴ ያየው ሰይጣንን ነው» ለማለት አትቸኩዪ። ሐዋርያትም ሌሊት በባሕር ላይ ጌታን ሲያዩት «ምትሀት ነው» ብለው በፍርሃት ጮኸዋል (ማቴ. 14፥26)። መፍራት ብቻውን ምስክር አይሆንም። እነርሱ ግን ወዲያው «አይዞአችሁ፥ እኔ ነኝ፥ አትፍሩ» የሚል ድምፅ ሰሙ። ባለቤትሽ እስከ አሁን አልተጽናናም። ብርሃኑ ተራ አውሮፕላን ቢሆን እንኳ፣ ሰውን ከእንጀራውና ከእንቅልፉ ለወራት የሚያሳድድ ፍርሃት ከእግዚአብሔር አይደለም፤ በማያውቀው መብራት የደነገጠውንም ሰው ጠላት ሰይጣን ሊያስጨንቀው ይችላል። ስለዚህ የብርሃኑ ምንነት ሳይታወቅ ቢቀርም የባለቤትሽን ሕመም ማከም ይቻላል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቤቲ እና ባርኒ ሂል የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሌሊት በመኪና ሲጓዙ ብርሃን ተከተለን አሉ። ከዚያ በኋላ ሚስቲቱ በቅዠት ተሠቃየች፤ ባልየው በጭንቀትና በጨጓራ ቁስለት ታመመ። በ1964 ሕክምና የሰጣቸው ቤንጃሚን ሳይመን የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ በሌላ ዓለም ፍጡራን ተወስደን ነበር የሚለውን ቃላቸውን እንደ እውነት አልተቀበለም፤ ጭንቀታቸውን ግን የእውነት ጭንቀት ነው ብሎ አከመው። በእኛም አህጉር፣ በዚምባብዌ ሩዋ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ስድሳ ያህል ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው አጠገብ እንግዳ ነገር አየን ብለዋል፤ ከመካከላቸው አድገው ዛሬም ስለዚያ ቀን የሚናገሩ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ዝም ብለሽ ያልፋል አትበዪ።

ስለዚህ ጸበልም ሐኪም ቤትም ውሰጂው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር ፈጠረ ይላል (ምዕ. 38)። ለወራት እንቅልፍ ማጣት ሕመም ነው፤ ሐኪሙ መድኃኒት ቢያዝለት ጸበል ጀምሬአለሁ ብሎ እንዳያቋርጥ አደራ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ መድኃኒት መጣልን የእምነት ምልክት የሚያደርጉ ሰዎች በየጸበሉ ስላሉ ነው። ማታ ከመተኛቱ በፊት መዝሙር 90ን አብራችሁ ጸልዩ፤ «ከሌሊት ግርማ» የሚለው ቃል ለእንደ እርሱ ያለ ሰው የተነገረ ነው። ክታቡን ግን እንቢ በዪ። ከፍርሃት ያወጣሽ መስሎ ለጠንቋይ የሚገዛሽ ነገር ነው።

ከባለቤትሽ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወንድሙ ነው። ባለቤትሽ መታመሙን ያውቃል፤ ወንድሙ ግን የተመረጠ መስሎታል። ከአባቶች አንዱ፣ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ «እኔ ገብርኤል ነኝ፤ ወደ አንተ ተልኬአለሁ» ቢለው፣ «ምናልባት ወደ ሌላ ሰው ተልከህ ይሆናል፤ እኔ መልአክ ሊላክልኝ የሚገባኝ አይደለሁም» ብሎ መለሰ፤ ሰይጣኑም ጠፋ። ከቅዳሴና ከሥጋ ወደሙ የሚያርቅ መልእክት፣ በማንም በኩል ቢመጣ፣ ከእግዚአብሔር አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ብርሃኑ አትከራከሩት፣ አትሳቁበትም፤ ይበልጥ ይሸሻችኋል። የንስሐ አባታችሁ ቤት ድረስ መጥተው ለብቻቸው ያነጋግሩት፤ ሰማሁ የሚለውንም ሳያቋርጡ ያድምጡት። ድምፅ መስማቱ ከቀጠለ፣ ወይም መብላትና መተኛት ከተወ፣ እርሱም ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።

ያ ምንም ያልሆነው ጓደኛቸውስ? አንድም ሰው የጠየቀው አይመስለኝም። ቤታችሁ ጥሩት፤ ያየውን ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጠው በእርጋታ ያውሩት። ወደ ሐይቁ መመለሱን በተመለከተ በግድ አትላኩት። ሲችል በቀን ብርሃን፣ ከዚሁ ጓደኛው ጋር፣ ከዳር ሳይርቁ ይጀምር። ሐኪሙና የንስሐ አባታችሁ ያሉትን ደግሞ ጻፊልኝ።