ቱቦው ለምን ወደ ቀኝ ሳንባ ያደላል?

ጥያቄ፦ የሰመመን ሕክምና ተማሪ ነኝ። ታካሚው እንዲተነፍስበት በአፉ ወደ አየር ቧንቧው ያስገባሁት ቱቦ በድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሆኖም አስተማሪዬ ደረቱን አዳምጠው «ቀኝ ሳንባ ገብቷል» አሉኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መንገዱን አልሳቱም፤ ቱቦውን ከሚገባው በላይ አጥልቀው አስገብተዋል። የአየር ቧንቧ ከታች ለሁለት ሲከፈል የቀኙ ቅርንጫፍ ከግራው ይልቅ ሰፊ፣ አጭርና ወደ ታች ቀጥ ያለ በመሆኑ፣ አልፎ የሄደ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ያመራል፤ ያን ጊዜ የግራው ደረት ዝም ይላል፣ የደም ኦክስጅንም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የቱቦው ፊኛ (ከጫፉ አጠገብ ያለው፣ በአየር የሚሞላው ክፍል) የድምፅ አውታሮቹን ጥቂት እንዳለፈ ያቁሙና በቱቦው ላይ ከታተሙት ቁጥሮች ጥርስ ላይ ያረፈውን ያንብቡ። ለአዋቂ ሴት 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ግን መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

በካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚለካው መሣሪያ) ላይ ትንፋሽ በትንፋሽ የሚታየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞገድ ቱቦው የምግብ ቧንቧ ውስጥ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ የትኛው ሳንባ ጋ እንደደረሰ ግን አይለይም፤ ብዙ ተማሪ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ብብት ሥር ያዳምጡ። የግራው ከደከመ የፊኛውን አየር አውጥተው ቱቦውን በጥቂቱ ይሳቡ፣ ፊኛውን መልሰው ይሙሉና እንደገና ያዳምጡ። አንገት ወደ ደረት ሲጎነበስም ቱቦው ወደ ውስጥ ስለሚገፋ፣ የታካሚው አቀማመጥ በተለወጠ ቁጥር ይህንኑ ይድገሙ።