ልወዳደር ወይስ ላሰልጥን?

ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ፣

የባያትሎን ተወዳዳሪ ነኝ። በስኪ፣ ማለትም እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ እየሮጥን በየመሀሉ ዒላማ የምንተኩስበት ስፖርት ነው። 34 ዓመቴ ነው። ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ትልቅ ሜዳሊያ ግን የለኝም። አሁን አሁን ጉልበቴ ያስቸግረኛል። ክለቤ የታዳጊዎች ረዳት አሰልጣኝ ሁኚ ብሎኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሲዝን እየተወዳደርኩ ጎን ለጎን ባሰለጥንስ እያልኩ ነው።

ልጆቹን አልፎ አልፎ አግዛለሁ። ተኩሳቸው ሲበላሽ ችግሩ ወዲያው ይታየኛል፣ ለማስረዳት ስሞክር ግን ቃል ያጥረኛልና በመጨረሻ «ተዉት፣ እኔን እዩኝ» ብዬ ራሴ ተኩሼ አሳያቸዋለሁ። ደግሞስ ሜዳሊያ ያላገኘ ሰው ሌላውን ለሜዳሊያ ያበቃል? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት ተወዳዳሪ

መልስ፦

እህቴ፣ ስራውን ያዢው። ሁለቱን ግን በአንድ ሲዝን አትሞክሪ።

የውድድር ቀንን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ከመነሻው በፊት አሰልጣኝ ቴሌስኮፑ ላይ ተተክሎ የእያንዳንዱን ልጅ ጥይት የት እንዳረፈ ያያል፣ ማነጣጠሪያውን ወዴትና ምን ያህል እንደሚያዞር ይነግረዋል፣ ነፋሱ ሲቀየር ደግሞ እንደገና። ተወዳዳሪ ከሆንሽ በዚያው ሰዓት የራስሽን ጠመንጃ ማስተካከል፣ ስኪሽን መሞከር፣ ሰውነትሽን ማሟሟቅ አለብሽ። የውድድር ቀናችሁ ባይጋጭ እንኳ አሰልጣኝ ቀድሞ ደርሶ መጨረሻ ላይ የሚሄድ ሰው ነው፤ ያንቺ ጉልበት ደግሞ እረፍት ይፈልጋል። ኖርዌያዊው የባያትሎን ተወዳዳሪ ኦሌ አይናር ቢዮርንዳለን እንኳ፣ በርካታ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያለው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ውድድር ካቆመ በኋላ ነው በ2019 የቻይናን ቡድን ማሰልጠን የጀመረው።

ስለ ሜዳሊያው አትጨነቂ። በፊገር ስኬቲንግ፣ በሙዚቃ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በሚወዳደሩበት ስፖርት፣ ብራየን ኦርሰር እ.ኤ.አ. በ1984 ሳራዬቮ፣ በ1988 ደግሞ ካልጋሪ ኦሎምፒክ ላይ የብር ሜዳሊያ ነው ያገኘው። የኦሎምፒክ ወርቅ አላገኘም። እሱ ያሰለጠናት ዩና ኪም ግን በ2010 ወርቅ ወሰደች፣ ዩዙሩ ሃንዩም በ2014 እና በ2018 ደገመው።

እኔን ያሳሰበኝ ቃል ያጥረኛል ያልሽው ነው። ልጅ አንቺን አይቶ የሚማረው ከውጭ የሚታየውን ብቻ ነው። ትንፋሽሽን የት እንደያዝሽ አያይም። ልቡ እየደለቀ መጥቶ ከ50 ሜትር ርቀት ላይ፣ ተኝቶ ሲተኩስ 45 ሚሊ ሜትር የሆነች ዒላማ መምታት አለበት፤ ቆሞ ሲሆን 115 ነው፣ ግን ጠመንጃው ይወዛወዛል። በአብዛኞቹ ውድድሮች አንድ ከሳተ 150 ሜትር የቅጣት ዙር ይጠብቀዋል። ለዚህ ልጅ «ዘና በል» ማለት ምንም አይረዳውም። «መተኮሻው ጋ ስትቃረብ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ሁለቴ በደንብ ተንፍስ፣ ግማሹን አስወጥተህ ያዝ፣ ምላጩን ሳትነጥቅ ቀስ ብለህ ሳብ» ብትዪው ግን የሚይዘው ነገር ያገኛል። ስለዚህ ብቻሽን ስትተኩሺ የምታደርጊውን እያንዳንዱን ነገር ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ በስልክሽ ቅጂው፣ ከዚያ መልሰሽ አዳምጪው። መጀመሪያ ላይ የተዘበራረቀ ይሆናል፣ ግድ የለም። ልጅ ሲስት ደግሞ ከማረምሽ በፊት «ምን ተሰማህ?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙ ጊዜ ችግሩን ራሱ ይነግርሻል።

የሲዝኑ የመጀመሪያ ውድድር ሲጀመር መነሻው ላይ መቆም ያምርሻል፣ ምናልባትም ታለቅሻለሽ። ይህን ያህል ዓመት የኖርሽበት ነገር ነውና አልቅሺ። ክለብሽን አንድ የመሰናበቻ ውድድር ጠይቂ፣ ቤተሰብሽም ልጆቹም ይምጡ።

እሺ ከማለትሽ በፊት ግን የአሰልጣኝነት ኮርሱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ዋናው አሰልጣኝ ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚሰጥሽ በጽሑፍ ይስጡሽ። ጉልበትሽንም አሁኑኑ ለሐኪም አሳዪ፤ አሰልጣኝም ቢሆን ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው።