የልብ ግድግዳ ሲቀደድ፦ ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ይሁን ወይስ ይቆይ?

እህቴ፣ አባትዎ ከሃርት አታክ በኋላ በሁለቱ የታችኛው ልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ እንደተቀደደባቸው፣ አንዱ ሐኪም ዛሬውኑ ይከፈት ሲል ሌላው ጥቂት ቀን እንጠብቅ ማለቱን ጽፈው የማንን ምክር እንደሚቀበሉ ጠይቀዋል። እናቴ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ያንኑ ሕመም አልፋበታለችና የማውቀውን ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚላላ ስፌት አይይዝም፤ ውሎ አድሮ ጠባሳ ሲያበጅ ግን በቀዳዳው ላይ የሚለጠፈውን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን የተዘጋጀውን ልጣፍ ይሸከማል። ከአሜሪካ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው ሥራ መሠረት፣ ከጥቃቱ በኋላ በ7 ቀናት ውስጥ ከተከፈቱት 54 በመቶ ያህሉ፣ ከዚያ በኋላ ከተከፈቱት ደግሞ 18 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ይህን አይተው «እንግዲያው እንጠብቅ» እንዳይሉ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የደረሱት ቀድሞውኑ ጠንከር ያሉት ናቸው፣ የደከሙት በመሃል አልፈዋል። የደም ግፊታቸው በመድኃኒት ብዛት ብቻ የሚቆም፣ ሽንታቸውም እየቀነሰ የሚሄድ ከሆነ ቀን መቁጠሩ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛ፣ የት ሆነው እንደሚጠብቁ ይጠይቁ። እናቴ ስቴንት (የተዘጋ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) የተደረገላት የልብ ቀዶ ሐኪም በሌለው ሆስፒታል ነበር። ትንፋሽ ባጠራት ሌሊት ነርሷ ደረቷን አዳምጣ ቀድሞ ያልነበረ ድምፅ ሰማች፤ ተረኛው ሐኪም ግን ከአልጋው አጠገብ እንኳ ሳይቆም «ጭንቀት ነው» ብሎ ማስታገሻ አዘዘና ኢኮውን (የልብ አልትራሳውንዱን) ለጠዋት አስተላለፈው። ኢኮ የሚያነሳ ሰው ካልተጠራ ከኮሪደሩ አልነቃነቅም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም በዚህ እኮራለሁ። ቀዳዳው ሲታይ ሁሉም መሮጥ ጀመረ፤ የዝውውር ክፍሉ ሠራተኛ ግን የኢንሹራንስ ካርዷን ደጋግማ ስትጠይቀን፣ የሞት አደጋውንም ለእናቴ በአማርኛ እየተረጎመ እንዲያስረዳ ገና ተማሪ የሆነውን የእህቴን ልጅ ወደ አልጋው ስትገፋው ነበር። በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህን ስናገር አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው በስልክ ተገኘ።

ተቀባዩ ሆስፒታል በብሽሽቷ በኩል ወደ ዋናው የደም ቧንቧ ባሉን (ከልብ ምት ጋር የሚነፋና የሚሟሽሽ ፊኛ) አስገባላት፤ ባሉኑ ልብ ሲኮማተር ስለሚሟሽሽ ደሙ በቀዳዳው ከመመለስ ይልቅ ወደ ፊት መሄድ ይቀለዋል። ዕቅዳቸው መጠበቅ ነበር፤ ሽንቷ ሲቆም ግን በዚያው ሌሊት ከፈቷት። ከልጣፉ ጠርዝ ትንሽ ፍሳሽ ቀርቶባት በኢኮ እየተከታተሏት ትኖራለች።

አባትዎ ያሉበት ሆስፒታል ቀዶ ሐኪምና ባሉን ከሌለው ዝውውሩን ዛሬ ማታ ይጠይቁ። የፈቃዱን ወረቀት ሲያመጡልዎም ለተዘጉት የልብ ደም ሥሮች ማለፊያ (ባይፓስ፣ ደሙ የተዘጋውን ዞሮ የሚሄድበት አዲስ መንገድ) አብሮ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ ለእናቴ በአንድ ላይ ተሠርቶላታል።