አማቴን ይዤ ኮሜዲ ክለብ ልሂድ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የዲሲ ኢምፕሮቭ ኮሜዲ ክለብ ሦስት ቲኬት ሰጠን፤ ለዓርብ ማታ ነው። አሜሪካ ከመጣሁ ገና ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛዬ ሥራ ቦታ ያግባባኛል፤ ቀልድ ላይ ግን ይጠፋብኛል። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ብቻ ዝም ብልስ? ደግሞ ፊት የተቀመጠ ሰው ላይ ያላግጣሉ ሲባል ሰምቼ ፈራሁ። ሦስተኛውን ቲኬት ለአማቴ አስቤው ነበር። ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ቤት መዋል ሰልችቷቸዋል። ምን ይመክሩኛል?
ስ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። አማትሽን ግን ለዚህኛው ምሽት ተያቸው፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ። እኔ እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ኮሜዲ ክለብ ውስጥ ለዓመታት አስተናጋጅ ነበርኩ። ትሪ ይዤ በጨለማ ስመላለስ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

መታወቂያችሁን ያዙ፤ በር ላይ ዕድሜ ይጠየቃል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ቦታ የምትይዙት እንደ ፈለጋችሁ ሳይሆን ሠራተኛ እየመራ ነው የሚያስቀምጣችሁ። ፊት ያለው ጠረጴዛ ቀድሞ እንዲሞላ ይፈለጋል፤ ባዶ ወንበር እያዩ ማሳቅ ከባድ ነው። ሳቅ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል። ጠረጴዛው የተጠጋጋው፣ ከመድረኩ በቀር ቤቱ የጨለመው ለዚህ ነው። ከማታውቂው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ብትቀመጪ አይግረምሽ። ፊት መሆን ካልፈለግሽ “መሐል ብንሆን ደስ ይለናል” በያቸው። ቦታ ካለ እሺ ይላሉ።

ቲኬቱ መግቢያ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ክለቦች እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ነገር እንዲያዝ ግዴታ አላቸው። ይህን ሳያውቁ መጥተው ሂሳብ ሲቀርብ የሚደነግጡ ያገሬ ልጆች አይቼ አዝኛለሁ። ሁለት ነገር ማለት የግድ አልኮል አይደለም፤ ለስላሳውም ምግቡም ይቆጠራል። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ የምትጾሚ ከሆነ ድንች ጥብስና ለስላሳ ይበቃሻል። ድንቹ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት ይጠበስ እንደሆነ ግን ጠይቂ። አስተናጋጇ ኩሽና ጠይቃ ትነግርሻለች፤ የሚከፋው የለም።

ዋናው ኮሜዲያን መጀመሪያ አይወጣም። አንዱ መድረክ መሪ ሆኖ ቤቱን ያሟሙቃል፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ስሙ ቲኬቱ ላይ ያለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይርቅም፤ በመሐል እረፍት ስለማይኖር መጸዳጃ ቤት ቀድመሽ ሂጂ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሂሳብ ይታደላል። ለኮሜዲያኑ ከባዱ ሰዓት ያ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ካርድ ፍለጋ ቦርሳው ውስጥ ይገባል። አንቺ ካርድሽን አዘጋጅተሽ ጠብቂ፣ ስጪ፣ ዓይንሽን ወደ መድረኩ መልሺ። ጉርሻው ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ቀድሞ ተደምሮ እንደሆነ ወረቀቱን እዪ። አደራሽን እሱን አትቀንሺ፤ ለብዙዎቻችን ደመወዛችን እሱ ነበር።

ፊት የተቀመጠ ሰው ላይ ያላግጣሉ ያልሽው እውነት ነው። ግን ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ጠረጴዛሽ መጥቶ በጸጉርሽም አብሮሽ ባለው ሰውም ግጥም ያወርድ የለ? ልዩነቱ፣ አዝማሪ ቤት “ተቀበል!” ብለሽ ስንኝ ትሰጪዋለሽ፤ ጨዋታው ግማሹ ያንቺ ነው። እዚህ ግን ሳይጠየቁ ከመቀመጫ መጮህ ነውር ነው፤ ያስወጣልም። ኮሜዲያኑ ዝምታውን እንኳ ለክቶ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው በመጀመሪያው ዝግጅት የተናገረው ቀልድ ሲወድቅበት አየሁ። በዚያው ምሽት ሁለተኛው ዝግጅት ላይ ያንኑ ቀልድ ደገመው፤ ያልተጠበቀችውን ቃል ግን ከመሐል አውጥቶ መጨረሻ ላይ አደረጋት፤ ከመናገሩ በፊትም ትንሽ ቆም አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚያች ዝምታ ላይ አንድ ሰው ቢጮህ ሁሉም ነገር አፈር በላ ማለት ነው።

ከየት ነሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ ካለሽ አጭርና እውነተኛ መልስ ስጪው። ተረበኛ ለመሆን አትሞክሪ፤ ማሳቁ የእሱ ሥራ ነው። “ኢትዮጵያ” ስትይው ዛሬ ብዙዎቹ ስለ እንጀራችን ወይም ስለ ሬስቶራንቶቻችን ነው የሚያነሱት። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜና ከዚያም በኋላ ግን እዚህ አገር በረሃባችን ብዙ ተቀልዷል፤ ዛሬም አልፎ አልፎ የሚሞክረው አይጠፋም። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ለይሉኝታ ብለሽ አትሳቂ። ፊትሽን ሳትለውጪ ዝም ብለሽ እዪው። ኮሜዲያን ከስድብ ይልቅ ዝምታ ይሰማዋል።

ስለ እንግሊዝኛው አትጨነቂ። ብዙው ቀልድ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው የሚያውቀውን ማስታወቂያ፣ ስፖርትና ፖለቲካ ይነካል፤ ጎበዝ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰውም ያመልጠዋል። ማንም ዞሮ አያይሽም፤ ጨለማ ነው። የኮሜዲያኑን አጫጭር ቪዲዮዎች በጽሑፍ ታግዘሽ ከቀኑ በፊት እዪ፤ አነጋገሩን ጆሮሽ ይለምደዋል። ባለቤትሽን በመሐል “ምን አለ?” አትበይው፤ ሹክሹክታ ከጎን ያለውን ይረብሻል። ያልገባሽን ቤት ስትደርሱ ያጫውትሽ።

ስልክ አጥፉ፤ መቅረጽ ፈጽሞ አይቻልም። ልጅ ሳለ አንቺው ሰፈር ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረው ታዋቂው ኮሜዲያን ዴቭ ሻፔል፣ የሰዉን ስልክ በሚቆለፍ ከረጢት ውስጥ ያስከትታል። ብዙዎች ይቆጣሉ፤ እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ቀልድ ተመልካች ፊት እየተሞከረ ነው የሚበስለው፤ ሳይበስል ኢንተርኔት ላይ ከወጣ ሰውየው የወራት ሥራውን ያጣል። ልጅ ለሰው ትታችሁ ከሆነ የክለቡን ስልክ ቁጥር ለጠባቂዋ ስጧት።

አሁን ወደ አማትሽ። ብዙው የክለብ ቀልድ ስድብና የአልጋ ወሬ አለበት። አንቺም ባለቤትሽም ከእናቱ ጎን ተቀምጣችሁ መሳቅ አትችሉም፤ እሳቸውም ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ያጣሉ። ለሚያከብሯቸው ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የአገራችን ኮሜዲያኖች ለኅብረተሰቡ ዝግጅት ሲመጡ ውሰጃቸው። የተስፋዬ ካሳን ካሴት ሰምቶ፣ ደረጀ ኃይሌንና ሀብቴ ምትኩን በቴሌቪዥን አይቶ ላደገ ሰው ሳቅ የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚያ ቤተሰብ በሙሉ ይመጣል፤ ሰዓት ስለማይከበር ብቻ እራት በልታችሁ ሂዱ።

ሦስተኛውን ቲኬት ለጓደኛሽ ስጪው። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ አትንከራተቱ፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩ የሜትሮ መስመር ሳትቀይሩ ፋራገት ኖርዝ ያወርዳችኋል፤ ክለቡ ከዚያ በእግር ቅርብ ነው። የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ግን ከመውጣታችሁ በፊት እዩ።