የአባቴ ብስክሌት ቀለሟ ተፋቀ፣ ምን ላድርጋት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አባቴ ይነዳት የነበረችው አረንጓዴ የብረት ብስክሌት አሁን የእኔ ናት። አራት ኪሎ፣ መሥሪያ ቤቴ ደጅ፣ ከአጥሩ ጋር በሰንሰለት አስሬያት ስለምውል የላይኛው ቧንቧ የጣት ርዝመት ያህል ተፋቀ። ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር ጀምሮታል። ጎረቤቴ «የሚረጭ ቀለም ገዝተሽ ከላይ ንፊበት» ይለኛል። ልስማው?

መልስ፦ አትስሚው ልጄ። ዝገት ቀለም ስለለበሰ አይሞትም። እርጥበትና አየር እስካገኘ ድረስ ብረቱን ከሥር እየበላ፣ ደህናውንም ቀለም እያነሳ በጎን ይሄዳል።

አንድ ሐምሌ ፒያሳ፣ ዝናቡ ባባራበት ሰዓት በረንዳ ላይ የአንድ ተማሪ ብስክሌት ቀባሁ። ዝገቱን በደንብ አላነሳሁትም ነበር። አምሮበት ወሰደው። ለመስቀል ይዞት ሲመጣ ቀለሙ ኩፍ ብሏል፤ በጥፍሬ ብነካው ተገሽልጦ ወደቀ፣ ከሥሩ ብርቱካንማ ዱቄት። ገንዘቡን መለስኩለት፣ ሥራውንም እንደ አዲስ ሠራሁለት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ በሳሙና አጥበሽ አድርቂያትና በደንብ እያት። ቧንቧው በተበየደበት አካባቢ ቀጭን መስመር ካየሽ ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል መንዳቱን ትተሽ ለበያጅ አሳዪ። ጭረት ብቻ ከሆነ 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ገዝተሽ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራ ፈትጊው። ጥቁር ነጠብጣብ ከቀረ በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት አስቀምጪበት፤ ከዚያ አጥበሽ ወዲያው አድርቂው፣ እርጥብ ብረት ዐይንሽ እያየ ነው የሚዝገው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ሥራ ላይ ደረስሽ። በ400 ቁጥር የአሮጌውን ቀለም ጠርዝ አሳሺው። ዐይንሽን ጨፍነሽ ጣትሽን ከቀለሙ ወደ ብረቱ አንሸራቺ፤ ደረጃ ከተሰማሽ ገና ነው። ጣትሽ ድንበሩን ሲያጣው በቃሽ።

በአልኮል ጥረጊው፣ ከዚያ በኋላ በእጅሽ አትንኪው፤ የእጅ ወዝ ቀለም አያስይዝም። አንቲረስቱን፣ ማለትም ዝገት የሚከላከለውን የሥር ቀለም፣ በዚያው ቀን፣ በስሱ ቀቢው። የተፈተገ ብረት ራቁቱን አይደር።

ለቀለሙ ብስክሌቷን ራሷን ይዘሽ ቀለም ቤት ሂጂና በፀሐይ ብርሃን አመሳስዪ፤ የአባትሽ አረንጓዴ ዛሬ የፋብሪካው አረንጓዴ አይደለም። ሻጩን በምን እንደሚቀጥን ጠይቂው። በአኳራጃ የሚቀጥን ቀለም ላይ በቲነር የሚቀጥነውን ከደረብሽበት ይሸበሸባል። ስለዚህ አንቲረስቱም ቀለሙም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አሮጌው ቀለም ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ ደግሞ ከፔዳሉ ሥር፣ በማይታይ ቦታ ሞክሪው። ከዚያ በቀጭን የሥዕል ብሩሽ ሦስት ጊዜ፣ በስስ በስሱ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ሳትደርቢ። ክረምት ላይ ከሆነ ቤት ውስጥ አስገብተሽ ሥሪው፣ ማድረቂያ ጊዜም ጨምሪለት። ላዩ ሲነኩት የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ለስላሳ ስለሆነ አንድ ሳምንት ከአጥር ጋር አትሰሪያት።

ስታስሪያትም ሰንሰለቱን ያረጀ የውስጥ ጎማ አልብሺው። ጎማውን ቧንቧው ላይ አትጠቅልዪው፣ ውሃ ይቋጥርብሻል።