ጥሪው የኛ ነው፣ ልጆቹስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። እኔና ባለቤቴ ለሚሽን ከአገራችን ከወጣን 14 ወር ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን፣ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። የማስተምራቸው እኔ ነኝ፣ ጠዋት ሆምስኩል፣ ከሰዓት እኔው ራሴ የቋንቋ ተማሪ፣ ማታ ደግሞ ቤታችን እንግዳ አይጠፋውም። ልጁ መጀመሪያ ላይ ደስተኛ ነበር፣ ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ግን ዝም ብሏል፣ ሒሳብ ሳስተምረው እርሳሱን ይዞ በመስኮት ውጭ ውጭውን ነው የሚያየው። ባለቤቴ እዚሁ ሰፈር ትምህርት ቤት ይግባና ቋንቋውን ይልመድ ይላል፣ የቡድናችን መሪዎች ደግሞ ሌላ አገር ያለ የሚሽነሪ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻለዋል አሉን። ልጄን ለሥራው መስዋዕት እያደረግኩት ይሆን ብዬ ሳወራ እምነት ማጣት ነው ተባልኩ። ምን ላድርግ? (እናት ነኝ ከሩቅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የልጅሽ ነገር ያሳሰበሽ እናቱ ስለሆንሽ ነው፣ እምነት አነሰሽ የሚሉሽን ሰዎች ለጊዜው ተያቸው። ጥሪው የመጣው ላንቺና ለባለቤትሽ ነው። ልጁን የጠየቀው የለም፣ እናንተ ሻንጣ ስትዘጉ እሱም አብሮ ተነሳ። ስለዚህ የሱን ሐዘን ቁጭ ብሎ መስማት ራሱ አገልግሎት ነው፣ ከስብሰባውና ከእንግዳው እኩል ሰዓት ይያዝለት።

በኔ እይታ ከትምህርት ቤቱ በፊት ዝምታው ይቀድማል። የ9 ዓመት ልጅ አገር ሲቀይር ያጣውን ብትቆጥሪው ያስደነግጣል፣ አያቱን፣ ጓደኞቹን፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድበትን መንገድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጫዋች ልጅ መባሉን፣ ምክንያቱም በማያውቀው ቋንቋ ቀልድ ማውራት አይችልማ። ሰው ስላልሞተበት ደግሞ አይዞህ የሚለው የለም።

እኛም ለሚሽን ከአገር ስንወጣ የኛ ልጅ 8 ዓመቷ ነበር። ከወጣን ዓመት ካለፈን በኋላ የእርሳስ ቦርሳዋን ሳጸዳ ከላጲሱና ከመቅረጫው መሀል የድሮ ቤታችንን ቁልፍ አገኘሁ። ይሄ ምንድነው ስላት «ስንመለስ ማን ይከፍትልናል?» አለችኝ። ቤቱን እኮ ለቀነዋል፣ ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ ለሷ ግን ማናችንም አልነገርናትም፣ እኔም አባቷም የምታውቅ መስሎን። ያን ቀን ደብተሩን ዘግተን ወለሉ ላይ ተቀምጠን አለቀስን፣ ማውራት የጀመረችውም ከዛ በኋላ ነው።

ልጅሽን ፊት ለፊት «ምን ሆነሃል?» ብትይው «ምንም» ነው የሚልሽ። ዕቃ እያጠባችሁ ወይ መንገድ ላይ አብራችሁ ስትሄዱ «አሁን የድሮ ቤታችን ብንገባ መጀመሪያ የቱ ክፍል ትሮጣለህ?» በይው። ሲነግርሽ ደግሞ «እዚህም እኮ ጥሩ ነገር አለ» ብለሽ አትዝጊበት፣ እስኪጨርስ ስሚው። እንቅልፉ ከተረበሸ፣ ምግብ ከቀነሰ ወይም ጨዋታ ጭራሽ ካስጠላው ግን የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ በኦንላይንም ቢሆን ፈልጉለት፣ ስድስት ወር ለልጅ ረጅም ነው።

ባለቤትሽ ያለው ነገር እውነት አለው፣ ግን ለሁለቱም ልጆች እኩል አይሠራም። ካናዳ ውስጥ የሚታወቀው የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ጂም ከሚንስ እንዳሳየው ልጅ በአዲስ ቋንቋ ለመጫወትና ለመግባባት 2 ዓመት አካባቢ ይበቃዋል፣ በዛው ቋንቋ ሳይንስና ታሪክ ከእኩዮቹ እኩል ለመማር ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ ልጁ ግቢ ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማና ቋንቋውን ቻለ ይላል፣ ክፍል ውስጥ ግን ልጁ የመምህሩን አፍ እያየ ነው የሚውለው፣ ከዛ ሰነፍ ይባላል። ትንሿን ብታስገቡ ደስ ይለኛል፣ በሷ ዕድሜ ትምህርቱ ራሱ ጨዋታ ነው። ትልቁ ግን ለጊዜው ከሰዓት ላይ ለስፖርት ወይ ለሥዕል ከሰፈር ልጆች ጋር ይቀላቀል፣ ዋናውን ትምህርት በሚያውቀው ቋንቋ ይቀጥል። ሁለቱም ልጆች የት ቢማሩም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማንበብ እንዳይቀር፣ አንድ ቀን አያታቸውን ማናገር የሚያቅታቸው እሱ ሲቀር ነው።

ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቱ በግልጽ ልንገርሽ፣ ለ9 ዓመት ልጅ፣ ያውም ዝም ላለ ልጅ፣ እኔ አልመክርም። ዝም ሲል ከቤት ከተላከ ዝም ስላልኩ ነው ያባረሩኝ ብሎ ነው የሚረዳው። በሚሽን ታሪክ ይሄ መንገድ የቆየ ነው። የቻይና ኢንላንድ ሚሽን የተባለው የሚሽነሪዎች ድርጅት በ1881 እ.ኤ.አ. ሰሜን ቻይና ቺፉ ላይ ለሚሽነሪ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ትምህርት ቤቱን ይዘው ልጆቹንና መምህራኑን እስር ካምፕ ሲያስገቡ ወላጆቻቸውን ለዓመታት ሳያዩ የኖሩ ልጆች ነበሩ። እዛው ዌይሺየን ካምፕ ውስጥ ልጆቹን ያስተማረና ያጫወተ አንድ ሰው ነበር፣ በ1924ቱ ኦሎምፒክ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘው ኤሪክ ሊደል። እሱም የሚሽነሪ ልጅ ነበር፣ ቻይና ተወልዶ ገና በልጅነቱ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ። ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሁለት ሴቶች ልጆቹን በ1941 ወደ ካናዳ ልኮ እሱ ቀረ፣ በየካቲት 1945 እ.ኤ.አ. ካምፑ ውስጥ አረፈ፣ ሦስተኛ ልጁን ሳያያት። ይሄን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል፣ ሰውየውን አከብረዋለሁ፣ የልጆቹንም ጉድለት አልረሳም።

የዛሬዎቹ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንደድሮው አይደሉም፣ 14 ወይ 15 ዓመት ሞልቶት እኔ ልሂድ ብሎ ራሱ የጠየቀ ልጅ ጥሩ ሲሆንለት አይቻለሁ። ቢሆንም በሌሎች አገሮች በአንዳንድ የሚሽን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ በደል መፈጸሙን ገለልተኛ ምርመራዎች ያረጋገጡበት ጊዜ ስለነበረ፣ ወደፊት ካሰባችሁበት ሄዳችሁ እዩት። ማታ ማን ነው አብሯቸው የሚያድረው? ልጄ ሰው ሳይሰማው ሊደውልልኝ ይችላል? ቅሬታ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለማን ነው የሚቀርበው? ብላችሁ ጠይቁ። በነዚህ ጥያቄዎች የሚከፋ ትምህርት ቤት ካለ ልጅሽን አትስጪው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። አስተማሪም ተማሪም አስተናጋጅም ሆነሽ በአንድ ቀን አትዘልቂውም፣ ልጁም የደከመች እናት ነው የሚያየው። በሳምንት ሁለት ጠዋት ባለቤትሽ ያስተምር፣ የቡድኑ መሪዎችም ይሄን እንደ ሥራ ሰዓት ይቁጠሩለት። አንድ ለአንድ ሲሆን ለ9 ዓመት ልጅ በትኩረት የተሠራ ሦስት ሰዓት በኛ ቤት ይበቃ ነበር፣ የክፍሉን ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ ለመድገም አትታገዪ። የምትኖሩበት አገር ሆምስኩል የሚፈቅድ መሆኑንም አረጋግጡ፣ ለምሳሌ ጀርመን አይፈቀድም፣ ስዊድንም ከልዩ ሁኔታ በስተቀር አይቻልም። ውሳኔውን ደግሞ ለአንድ ዓመት ብቻ ወስኑት፣ የዛሬ ዓመት ልጁን አስቀምጣችሁ እንደገና ጠይቁት።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ 10 ዓመት ውጭ አገልግለናል። የ16 ዓመት ልጃችን ከሁለት ዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ወደ አገሯ ትመለሳለች፣ «አገርሽ ልትገቢ ነው» ስንላት ግን ትቆጣለች። ለትምህርት ማስረጃዋስ ከአሁኑ ምን እናዘጋጅ? (አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የምትቆጣው እውነቷን ነው። እናንተ ወደ አገራችሁ ትመለሳላችሁ፣ እሷ ግን ካደገችበት ነው የምትወጣው። ሩት ሂል ዩሲም የተባለች አሜሪካዊት ሶሲዮሎጂስት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ህንድ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን ስታጠና ነው እንደዚህ ያሉትን ልጆች «የሦስተኛ ባህል ልጆች» ማለት የጀመረችው፣ የወላጆቻቸው ባህል አንድ፣ የሚኖሩበት አገር ባህል ሁለት፣ እነሱ ራሳቸው መሀል ላይ የሚፈጥሩት ሦስተኛ። የልጃችሁ መልክ አገሯ ላይ እንደሁሉም ሰው ስለሆነ ሰው ሁሉን ነገር የምታውቅ ይመስለዋል፣ ታክሲ አያያዝ ሲጠፋት ይስቁባታል። ስለዚህ «አገርሽ» ማለቱን ተዉትና «የምትማሪበት ቦታ» በሏት።

ከመሄዷ በፊት በደንብ ትሰናበት። ዴቪድ ፖሎክ በነዚህ ልጆች ዙሪያ ለብዙ ዓመታት የሠራ ሰው ነበር፣ ስንብትን ከአራት ግንድ ከተሠራ ታንኳ ጋር ያመሳስለው ነበር፦ የተጣላሽውን ታረቂ፣ የረዳሽን አመስግኚ፣ ሰውንም ቦታንም ተሰናበቺ፣ የምትሄጂበትን አስቢ። ልጆች ቦታን መሰናበታቸውን አንናቀው፣ የኛዋ የምትወጣበትን ዛፍ አቅፋ ነው የተሰናበተችው።

ወረቀቱን በተመለከተ የየዓመቱን ትራንስክሪፕት ማኅተም አስደርጋችሁ ከአሁኑ ሰብስቡ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ይችላል፣ ሠራተኛም ይቀየራል። ሆምስኩል የተማረችባቸው ዓመታት ካሉ የመጻሕፍቱን ዝርዝርና የፈተና ውጤቷን አስቀምጡ። በብዙ አገር የሚታወቅ ፈተና ብትይዝ ይቀላችኋል፣ የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ፕሮግራም በ1968 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ የተቋቋመው አገር ለአገር የሚዞሩ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እንዳይቸገሩ ተብሎ ነው። ሁለቱም አገሮች ስለ ሰነድ ማረጋገጫ የተፈረመው የ1961ዱ (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት አባል ከሆኑ አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ይበቃል፣ ካልሆኑ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ ማለፍ ሊኖርበት ነው፣ ያ ደግሞ ወራት ይበላል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የልጅ ልጆቼ ሩቅ አገር ናቸው። በቪዲዮ ስደውል ትንሹ ሁለት ቃል ብሎኝ ይሮጣል። ረስቶኝ ነው? (አያት)

መልስ፦ እማማ፣ አልረሳዎትም፣ ትንሽ ልጅ ስልክ ላይ ወሬ አይችልም። በሳምንት ሁለቴ በተመሳሳይ ሰዓት ይደውሉ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። «ናፍቄሃለሁ?» ብለው አይጠይቁት፣ ይጨነቃል። በርስዎና በሱ እጅ አንድ ዓይነት የሥዕል መጽሐፍ ይኑር፣ እርስዎ ያንብቡለት እሱ ገጹን ይግለጥ። የማይመችዎ ቀን ተረት በድምጽ ቀድተው ይላኩለት፣ ማታ ተኝቶ ይሰማዎታል።